ለአብዬ፣ ስለ ዓይንዎ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ክረምቱ ገብቷል፤ ከታክሲ ወርጄ ኮንዶሚኒየሙ እስክደርስ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ደብዳቤውን ታናሼ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት።

ባለፈው በስልክ የዓይንዎን ሞራ እንዲታከሙ ስለምንዎ «ዓይኔን የጋረደው አላህ ነው፤ ከቀደር፣ ከአላህ ውሳኔ፣ ጋር አልታገልም» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ይበልጥ የከፋኝ ግን ቀጥለው ያሉት ነው፤ «ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሽ ወዲህ ሁሉን በሰው እጅ አደረግሽው» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አብዬ፣ እኔን ይህን ትምህርት ያስጀመሩኝ እርስዎ ነዎት። ደጃፋችን ላይ ዘንግ ተክለው፣ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሲገባ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያደርጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ የረዘመው ጥላ የዘንጉን ቁመት ሲያክል የከሰዓቱ ሶላት ደርሷልና «ዐስር ገባ፣ ውሃ አምጪ» ይሉኛል። ዛሬ ለተማሪዎቼ ስለ ጥላና ስለ ፀሐይ ሳስረዳ ያ ዘንግ ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው።

የሰኔ 14 ቀን 2012ን የፀሐይ ግርዶሽ ደግሞ ያስታውሱ። በኮሮና ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ቤት ነበርኩ። ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትታይ፣ እኛ ጋ እንደ ማጭድ ቀጥና ነበር። የእማዬን ወንፊት አንስቼ ግድግዳው ፊት ስይዘው በየቀዳዳው አንዳንድ ማጭድ፣ መቶ ትንንሽ ፀሐይ ታየ። እርስዎ በጣትዎ እየነኩ «ሱብሓነላህ» አሉ። ከዚያ ረሱል ﷺ ልጃቸው ኢብራሂም የሞተ ዕለት ፀሐይ ብትጋረድ፣ ሰው ለሐዘኑ ነው ሲል፣ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ናቸው፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት አይጋረዱም ማለታቸውን ነገሩኝ። እንደዚያ ባለ የሐዘን ቀን! የጥንቱ ታላቅ የእስልምና ሊቅ ኢማም ገዛሊም ግርዶሽ በስሌት እንደሚታወቅ የሚክድ ሰው ዲኑን የጠበቀ ቢመስለውም የሚጎዳው ዲኑን ነው ብለዋል።

ያንን የወንፊት ብርሃን ከሺህ ዓመት በፊት ያጠኑት በኢራቋ በስራ ተወልደው ካይሮ የኖሩት ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም ናቸው። በግርዶሽ ጊዜ በቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ለምን ማጭድ እንደሚመስል ጽፈዋል። እኛም የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ሳይሆን ብርሃን ወደ ዓይን ገብቶ መሆኑን ያስረዱት እሳቸው ናቸው። በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ካይሮ፣ ዐማር አል-መውሲሊ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። ውስጡ ክፍት የሆነ መርፌ ሠርተው የዓይን ሞራ እየመጠጡ ያወጡ ነበር። የእርስዎን ሞራ፣ አብዬ! ቀደርን የካደ ሰው ሥራ ነው ይሉኛል?

ሳይንስ ያገኘውን ሁሉ ቁርኣን ውስጥ ፈልገው የሚያወጡትን እኔም አልወድላቸውም፤ የሰው ስሌት ነገ ይታረማል፣ የአላህ ቃል በእሱ መረጋገጥ አያሻውም። ግን «የአላህ ባሮች ሆይ፣ ታከሙ፤ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላኖረለት በሽታ የለም» የሚለውን ሐዲስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሞራ ደግሞ እርጅና ያምጣው እንጂ መድኃኒት አለው።

ሐኪሟን አናግሬያታለሁ። ዓይኑን ብቻ ያደነዝዙታል፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተካሉ፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ የዚያኑ ዕለት ቤት ይገባሉ። የሚያሳስብዎት ሱጁዱ፣ ግንባርን መሬት ማስነካቱ፣ እና ውዱው፣ ከሶላት በፊት መታጠቡ፣ መሆኑን አውቃለሁ። የሰፈራችንን ኢማም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ማጎንበስና ውሃ በተከለከሉባቸው ቀናት ተቀምጠው በምልክት ይሰግዳሉ፣ ለውዱውም ሸሪዓው ማቅለያ አለው ብለውኛል።

ቀጠሮው ከመውሊድ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ታናሼ ከኮምቦልቻ ይዞዎት ይመጣል፣ የአውቶቡሱን ብር ልኬያለሁ። አልጋዎን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ