«አምነህ ይቅርታ ጠይቅ» ስላልኩህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እናትህ ስልክ በደወለችልህ ቁጥር እያለቀሰች ስለምትዘጋው መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ክኒን ይዘህ ተገኘህ ተብለህ የቀረብክ ቀን፣ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ክንድህን ይዤ «አምነህ ይቅርታ ጠይቅና ይለቁህ» አልኩህ። ያደግሁበት ወግ ይኸው ነው፤ ጥፋቱን ላመነ ሰው ዳኛም ያቀልለታል። ጠበቃህ የእምነት ቃሉን ወረቀት ከፊትህ ስታነሳ «እሷ ምን አገባት?» ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን ከኔ የተሻለ አውቃልሃለች።

ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 2014 በሕዝብ ድምፅ፣ ለራስ መጠቀሚያ ዕፅ ይዞ መገኘትን ከከባድ ወደ ቀላል ወንጀል አወረደችው። በ2021 ደግሞ የቀላል ወንጀል ፕሮቤሽን (ከእስር ውጪ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር መቆየት) በአብዛኛው ከአንድ ዓመት እንዳያልፍ ተደረገ። እኔም «አንድ ዓመት ምን አላት?» ብዬ ነበር። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ለዚህ ሁሉ ደንታ የለውም። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ዳኛው ትንሽ ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለብህ፣ ክሱ ኋላ ቢሰረዝም ለእነርሱ ተፈርዶብሃል። ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና አንዴ ይዞ መገኘት ብቻ ይታለፋል። ከመኪናህ መሳቢያ የወጡት አራት ፍሬ ክኒኖች ግን ግሪን ካርድህን ሊያስነጥቁህ ይችላሉ።

ግዛቲቱም ብትሆን ለዓመታት «መጀመሪያ እመን፣ ስለ ዕፅ የሚሰጠውን ትምህርት ጨርስ፣ ከዚያ ይሰረዝልሃል» ስትል ኖራለች። አምኖ የጨረሰው ስደተኛ ክሱ ከተሰረዘ በኋላም ከመባረር ላያመልጥ ይችል ነበር። ሳያምኑ ከ12 እስከ 18 ወር ተምሮ ክሱን መዝጋት የተቻለው ከ2018 ጀምሮ ነው። ጠበቃዋ ያስያዘችህ ይህንኑ ነው። እኔ ድሬዳዋ ላይ በጉርምስናዬ በጠራራ ፀሐይ ይዤው የምዞረው ጫት እንኳ እዚህ ያስከስሳል፤ ማን በማን ይፈርዳል?

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የዜግነት ማመልከቻዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል፤ ክፍያው በዛብኝ፣ ፈተናውም አስፈራኝ። የዜግነቱን መሐላ የማልኩት 18 ዓመት ከሞላህ ከአራት ወር በኋላ ነው። 18 ሳይሞላህ በፊት ብምል ኖሮ አንተም ያኔውኑ ዜጋ ትሆን ነበር። ይህን ለእናትህ እስካሁን አልነገርኳትም።

ደግሞም ዜጋ ሆኜ የመጀመሪያ ድምፄን በ2024 የሰጠሁት የካሊፎርኒያን ቅጣት ለሚያጠብቀው ሕግ ነው። የሱቅ ዘረፋው አናዶኝ «ይሁን» አልኩ። ያው ሕግ በዕፅ ሁለቴ የተፈረደበት ሰው ጠንካራ ዕፅ ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገኝ በከባድ ወንጀል እንዲከሰስ፣ አልታከምም ካለም እስር ቤት እንዲገባ ይፈቅዳል። ያንን አንቀጽ አላነበብኩትም ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ እወጣለሁ። ትምህርቱ ቦታ እኔ አደርስሃለሁ፣ እስክትወጣም መኪናው ውስጥ እጠብቃለሁ። እናትህ ጭኮ አዘጋጅታልሃለች።

አባትህ