እማዬ፣ ክብሪቱን አርቂልኝ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ታናሼ ነው የሚያነብልሽ። የሚከብደው ቦታ ሲደርስ እንዳይዘልል አስጠንቅቄዋለሁ፤ እንዳለ ያንብብልሽ።

መጀመሪያ የልጆቹን ልንገርሽ። ትልቁ በቁመት አልፎኛል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ "እማማ እንዳስተማረችኝ" ብላ ጣሪያ ላይ ወርውራዋለች። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡና መጀመሪያ ማን እንደሠራው ጠይቃችሁ ኑ ብላቸው ነበር። ሌሎቹ ስልክ፣ ቴሌቪዥን መርጠዋል። የእኔዋ ግን ከወጥ ቤት ክብሪት ይዛ መጣች። "እማማ ቤት ያለው ይሄ ነው" አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ሆዴ ባባ። በዚያው ሳምንት ታናሼ ደውሎልኝ ስለነበረ ነው።

አዎ፣ ነግሮኛል። እሱን አትቆጪው። ክብሪቱን ጭረሽ ወደ ጭራሮው ያስጠጋሽ መስሎሽ የነጠላሽን ጫፍ እንደለኮስሽ፣ በእጅሽ አፍነሽ እንዳጠፋሽው፣ መዳፍሽ እንደቆሰለ አውቃለሁ። እኔ ስደውል ግን "ምንም የለም፣ ዝናቡ ብቻ ነው ያስቸገረን" አልሽኝ። ለምን ትደብቂኛለሽ?

ከትንሿ ጋር ቁጭ ብለን ስለ ክብሪት አነበብን። ለካ ዕድሜው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው፣ ሲጫር የሚነደውን እንጨት በፈረንጆች 1827 መሸጥ የጀመረው። የፈጠራ መብቱንም አላስመዘገበም። ከእሱ በኋላ በመጣው ክብሪት ውስጥ ነጭ ፎስፎረስ ይገባበት ነበር፤ እሱ ደግሞ የሠራተኞቹን መንጋጋ አበሰበሰ። በ1888 ለንደን ውስጥ በክብሪት ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ልጃገረዶች ግፉ ሲበዛባቸው ሥራ አቁመው ወጡ። ትንሿ "እንደ እኔ ያሉ ልጆችም ነበሩ?" አለችኝ። ነበሩ አልኳት። ከዚያ ብዙ አልጠየቀችም።

አሁን የያዝነው ክብሪት ሌላ ነው። ቀዩ ፎስፎረስ ያለው እንጨቱ ላይ አይደለም፣ የሳጥኑ ጎን ላይ ነው። እንጨቱ ጎኑን ሲፋተግ ነው የሚቀጣጠለው፤ ድንጋይ ላይ ቢጭሩት እሺ የማይለው ለዚህ ነው። አንቺ ይህን ማንም ሳያስተምርሽ ታውቂው ነበር። ጎኑ ከተላላጠ እንጨቱ ቢተርፍም ዋጋ የለውም እያልሽ፣ በእርጥብ እጃችን እንዳንነካው ትቆጪን ነበር። ክረምት ሲገባ ቦታው ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ነበር። እሱንም ላለመጨረስ እኔን "ሂጂ፣ እሳት ጭረሽ ነይ" ትይኛለሽ። ገሉን ይዤ ጎረቤት እሄዳለሁ። ሁለት ፍም ያደርጉልኛል፣ አመድ ነስነስ አድርጌበት፣ ነፋስ እንዳይወስደው በቀሚሴ ከልዬ እሮጣለሁ።

ያ ገል የየትኛው እንስራ እንደነበር ታስታውሻለሽ?

እኔ አልረሳሁትም። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሰኔ፣ የፈተና ሰሞን። ከወንዙ ስወጣ ዳጡ አዳለጠኝና እንስራው ከነውሃው ከጀርባዬ ወርዶ ተከሰከሰ። ስብርባሪው ጉልበቴ ውስጥ ገባ። ደሜ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየወረደ ደጃፉ ላይ ስደርስ ቀና ብለሽ አየሽኝና "እንስራውስ?" አልሽኝ። መጀመሪያ ያልሽው እሱን ነው። ስለ እግሬ አልጠየቅሽም። በማግስቱ ወንዝ ወርደሽ ከስብርባሪው ደህናውን መርጠሽ ለገል ይዘሽ መጣሽ። እኔ እግሬ አብጦ ተኝቻለሁ። ፈተናው አመለጠኝ፣ ክፍሉን ደገምኩ፣ ጓደኞቼ ጥለውኝ አለፉ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያው ገል እሳት ተሸከምኩ።

እማዬ፣ አሁን እኔም ቤት አስተዳድራለሁ። አባባ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ እንስራ ከገበያ አዝሎ ማምጣት ምን ማለት እንደነበር ይገባኛል። ያን ዓመት አንቺ በቀን አንዴ እየበላሽ እኛን ሁለቴ እንዳበላሽንም አውቃለሁ። አሳድገሽኛል፣ ለዚህ አድርሰሽኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይሄም ሁሉ ገብቶኝ ያቺ ቃልሽ እስከ ዛሬ ታመኛለች። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስለ ላሟ እየጠየቅኩሽ አልፌዋለሁ።

ታናሼ ውሃ መቅዳት ሲጀምር ቢጫው ጀሪካን መጣ። አንቺ መጀመሪያ "ውሃው ይሸተኛል" ብለሽ እምቢ ብለሽ ነበር። እሱ ይጥለዋል፣ ጀሪካኑ ቁልቁል ይንከባለላል፣ ሮጦ ይዞት ይመለሳል። ማንም "ጀሪካኑስ?" አላለውም። (ታናሼ፣ ይህችንም አንብብ፤ በአንተ አልተቀየምኩም።)

ስለ ክብሪቱ ስናነብ እግረ መንገዴን የጀሪካኑንም አየሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመኖች ለጦራቸው ነዳጅ መያዣ የሠሩት ነው፣ ያኔ ከብረት፣ 20 ሊትር የሚይዝ። ስሙም እንግሊዞች ጀርመኖችን "ጄሪ" እያሉ ይጠሯቸው ስለነበረ ከዚያ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ጀሪካን ከላይ ሦስት እጀታ ነበረው። መሐለኛው ለብቻው ለሚሸከም ሰው ነው፣ የዳርና የዳሩ ደግሞ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እንዲይዘው። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ለወታደር እንኳ ሸክም የሚጋራው ሰው ታስቦለታል። የእኛ ቢጫው እጀታው አንድ ነው። አንቺም በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚያ ወገብሽ፣ አሁንም ብቻሽን ትወርጃለሽ አሉኝ። እባክሽ ተይ።

አሁን ወደ ዓይንሽ ልምጣ። ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል፤ ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ነው የሚሠሩት፣ ረጅም ሰዓትም አይወስድም። አንቺ ግን "ዓይኔ ውስጥ ፕላስቲክ አላስገባም" ብለሽ ተመለስሽ። ስለዚያ ፕላስቲክ ልንገርሽ። በጦርነቱ ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራው የአውሮፕላናቸው መስኮት ሲሰበር ፍንጣሪው ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎች ነበሩ። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ያ ፍንጣሪ ዓይናቸውን እንዳላስቆጣው አስተዋለ። በ1949 ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ትንሽ ሌንስ አሠርቶ፣ የሞራ ሕመምተኛ ዓይን ውስጥ አስገባ። ሌሎች ሐኪሞች ለዓመታት ተቃወሙት። ዛሬ ግን በየሀገሩ ሞራ የሚወጣለት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሌንስ ይገባለታል። የጀሪካኑ ውሃ ሸተተኝ ብለሽ ነበር፣ በኋላ ግን ለመድሽው። ይሄንንም እንደዚያው ቁጠሪልኝ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከባሕር ዳር ተነስቼ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጌ ማታ ደምበጫ እገባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ። ይዤሽ እመለሳለሁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት መጎንበስ፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ጭስ ውስጥ መቀመጥ የለብሽም፣ ስለዚህ እኔ ጋ ትቆያለሽ። ላሟንና ዶሮዎቹን ታናሼ ይይዛል፣ ተስማምተናል። የገንዘቡን ነገር አታንሺብኝ። ከመነኩሴ አክስቴም ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ጸበሉም አይቀርብሽም፣ ሲሻልሽ እኔው እወስድሻለሁ።

ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ነገር አለ። ታናሼ ከገበያ ዘግይቶ፣ አንቺ ብቻሽን፣ ቤቱ ጨልሞ፣ ክብሪቱ በእጅሽ... ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። እስክመጣ ድረስ ክብሪቱን ለታናሼ ስጪው። ጠዋትና ማታ እሳቱን እሱ ያያይዝ።

ገሉ አሁንም አለ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ከበሩ ኋላ ነው፣ ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል አለኝ። እንዳትጥይው። የጉልበቴ ጠባሳ አሁንም አለ እማዬ፣ ልክ እንደ ገሉ ጠርዝ ጎበጥ ያለ ነው። አንድም ቀን አይተሽው አታውቂም። ዓይንሽ ሲገለጥ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ።

ናፋቂሽ ልጅሽ