ዊንጌት ማለት ነፋስ መውጫ ነው፦ የእንግሊዝኛ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዓመቱን በ43 አባላት ጀመርን። ታኅሣሥ ላይ 17 ቀረን። ሌሎች ክበባት ከሚያወሩብን እኔው ልናገረው ብዬ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ተሰበሰብን፣ አመራር መረጥን፣ በሚኒ ሚዲያ ስድስት ዝግጅት አቀረብን። የተለማመድነው ድራማ በዕለቱ መብራት ጠፍቶ ቀረ። የስብሰባው ነገር ይኸው ነው።

የቀሩት 17ቱ ግን ሥራ ሠርተዋል። አንድ ስም ሲቆፍሩ ከረሙ። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ "ይሄ ለማትሪክ ይመጣል?" ብሎኛል። አይመጣም። ግን ልጆቹ መዝገበ ቃላት የገለጡት፣ በእንግሊዝኛ የተከራከሩት በዚህ ስም ሰበብ ነው። ሰዋስው አስተምሬ እንዲህ ሲጨቃጨቁ አይቼ አላውቅም።

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። "ቲቸር፣ እንግሊዞች ለምን የአባታቸውን ስም አይዙም?" እኛ ጋ የአያት ስም ከልጅ ልጅ በኋላ ይወድቃል። ሰባት ቤት መቁጠር ያስፈለገንም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እነሱ ጋ አንድ ስም ብዙ መቶ ዓመት ይዘልቃል። ድሮ ግን እነሱም ስማቸው አንድ ብቻ ነበር። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ መሬቱ፣ ውርሱና ግብሩ በጽሑፍ መስፈር በዛ። መንደሩ ደግሞ ጆንና ዊልያም ብቻ ሆነ። የትኛው ጆን ነው ግብር ያልከፈለው? ስለዚህ መለያ ተጨመረ። ብረት ቀጥቃጩ ስሚዝ፣ ዳቦ ጋጋሪው ቤከር፣ የጆን ልጅ ጆንሰን፣ ኮረብታው ሥር ያለው ሂል ተባለ። ከሌላ አገር የመጣው በመጣበት መንደር ተጠራ። መጀመሪያ መለያው ከሰውየው ጋር ይቀር ነበር። ቀስ እያለ ለልጅ ተላለፈ፤ በ1400 እ.ኤ.አ. ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ የሚወረስ ስም ነበረው።

አንድ ስም መርጠን እንከተል ስላቸው "ዊንጌት!" አሉ። በየቀኑ ወያላው የሚጮኸው ስም ነዋ። ትርጉሙንም ወዲያው ወሰኑት። ዊን ማሸነፍ፣ ጌት በር፣ በቃ "የድል በር"። ስሙ የተወሰደበት እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ጣልያንን ካስወጡት አንዱ ስለሆነ ነገሩ ገጠመላቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ሳምንት አምኜ ነበር።

የካቲት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዊንጌት ሄድን። አውቶብስ አልተፈቀደልንም። የታክሲውን ግማሽ እነሱ አዋጡ፣ ግማሹን እኔ ከፈልኩ። አንዱ ልጅ ወያላውን "ዊንጌት ማነው?" ብሎ ጠየቀው። "ሰፈር ነዋ! ትወርዳላችሁ አትወርዱም?" ወረድን። የዊንጌት ትምህርት ቤት ግቢ ለመግባት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ የኛ ደብዳቤ ተፈርሞ የደረሰኝ ሰኞ ነው። ስለዚህ አጥሩን ተደግፈን፣ መንገድ ዳር ቆመን ተማርን።

የሰውየውን ታሪክ ተራ በተራ አነበቡ። ኦርድ ዊንጌት በ1903 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ተወለደ። ዘመዱ ሰር ሬጂናልድ ዊንጌት ቀደም ብሎ ሱዳንን ከ1899 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. አስተዳድሯል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማችንን ሰቀሉ። ከዚያ ዊንጌት "ጌዴዎን" የተባለውን ጦር ይዞ ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም በኩል ተዋጋ። ሚያዝያ 27 ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ። በስሙ የተሰየመው ትምህርት ቤት በ1946 እ.ኤ.አ. ተከፈተ።

የስሙን ትርጉም እኔ ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር። "የድል በር አይደለም" አልኳቸው። ተንጫጩ። ቃሉ የጥንት እንግሊዝኛ ነው፤ መጀመሪያው ዊን ሳይሆን ዊንድ፣ ነፋስ ነው። "ድ"ዋ በዘመን ብዛት ተዋጠች። ጌት ያሉትም የቤት በር ሳይሆን በተራሮች መሐል ያለ ማለፊያ ነው። ሰሜን እንግሊዝ፣ ደርሃም ውስጥ ዊንጌት የሚባል የድሮ የከሰል ማዕድን መንደር አለ። በድሮው ላንካሽርና በኖርዘምበርላንድ ውስጥም ዊንጌትስ የሚባሉ አሉ። ደርቢሽር ያለው ዊናትስ የተባለ ገደላማ ማለፊያም ያው ቃል ተጣሞ ነው። ከእንዲህ ዓይነት መንደር የወጣ ሰው መንደሩን እንደ ስም ተሸክሞ ሄደ ማለት ነው።

ይሄኔ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። "ቲቸር፣ ይሄማ የኛ አገር ነው።"

ልጁ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከላይ ጋይንት መጥቶ አጎቱ ቤት ይኖራል። አነጋገሩን እየቀዱ ስለሚስቁበት ከመስከረም ጀምሮ ክበቡ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ስሙን ልጽፈው ፈቃድ ጠይቄው "ይቅርብኝ" ብሎኛል። "ነፋስ መውጫ" አለ። "ከተማችን ነፋስ መውጫ ነው የሚባለው። ነፋሱ ከገደሉ ይወጣል። እናቴ ልብስ ስታሰጣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ትጭንበታለች።" በእጁ ድንጋይ ሲያስቀምጥ አሳየን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ማንም አልሳቀም። አንዷ "ታዲያ አንተ እንግሊዝ ብትወለድ ዊንጌት ነበርክ" አለችው። እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ነው። እሱም "አቤት" ይላል። በግንቦት ምርጫ ጸሐፊ ሆኗል።

ዊንጌት በ1944 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ፣ አብረውት ከሞቱት ሰዎች ጋር አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ተቀብሯል። የአንዷ አባላችን አክስት እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። መቃብሩ ድረስ ሄዳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልን። እግረ መንገዷንም አንድ ነገር ጻፈች። ፎርሙ ላይ "ላስት ኔም" የሚለውን ባሏ በአባቱ ስም ሞላው፤ አሁን ልጆቹም በዚያው ስም ይጠራሉ። አገር ቤት ገበሬ የነበሩት አያት አሜሪካ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኑ። ልጆቹ ይህን ሲያነቡ የእንግሊዙን ግብር ሰብሳቢ አስታወሱኝ። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ክበቡ ያለው አንድ መዝገበ ቃላት ነው፤ ከ"ደብሊው" ወዲያ ያለው ገጽ ተገንጥሏል። ዊንጌትን ማግኘታችን ዕድል ነው። ኢንተርኔቱ የኔ የሞባይል ካርድ ነው። ለስፖርት ማልያ በየዓመቱ ይገዛል፤ ይገዛ፣ አልቃወምም። እኛ የምንለምነው ሁለት መዝገበ ቃላት፣ አንድ ቀን አውቶብስና በሰዓቱ የሚፈረም ደብዳቤ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደብረ ብርሃን ሄደን የሰፈር ስሞችን ልንሰበስብ አስበናል። የወላጆች ኮሚቴ ይህን ካነበበ ማክሰኞ ብቅ ይበል፤ ወንበር ግን ከቤተ መጻሕፍት ይዞ ይምጣ።

የአርሊንግተኑን ፎቶ ሰሌዳ ላይ ያጣችሁት የማተሚያ ቀለም ስላለቀ ነው። ስልኬ ላይ አለ። ማየት የፈለገ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ።