የቅዳሜው የባቡር ጣቢያ ሥራ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አሮጌው የአዳማ ባቡር ጣቢያ በር ላይ እንገናኝ። ሥራችን ፎቶ ማንሳት ነው (ሰልፊ አላልኩም!)። እያንዳንዱን ግድግዳ ከብዙ አቅጣጫ፣ ፎቶዎቹ እንዲደራረቡ አድርገን እናነሳለን። ሶፍትዌሩ ገጣጥሞ ስሪዲ (3D) ሞዴል ያወጣልናል።

ይህ ብቻውን ግን የምንፈልገው ዲጂታል መንትያ (ከሕንፃው ጋር አብሮ የሚለወጥ የኮምፒውተር ቅጂ) አይባልም። መንትያ የሚሆነው የሕንፃው ወቅታዊ መረጃ ሲገባበት ነው፦ እርጥበት፣ ሙቀት፣ የስንጥቅ ስፋት፣ የጥገና መዝገብ። ያኔ ስንጥቁ ሲሰፋ ግድግዳው ሳይወድቅ ይታወቃል። ለሴንሰር መግዣ ብር ስለሌለን ለጊዜው በማስመሪያ እየለካን እንመዘግባለን። ለእኔ ይሄም ትንሽ ነገር አይደለም። የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ሲቃጠል፣ ቀድሞ የተሠራው የሌዘር ልኬት ለጥገናው በጣም ጠቅሟል።

የፈቃድ ደብዳቤው በእጃችን ነው። ፓወር ባንክ ያላችሁ ያዙ፤ ኮፍያም አትርሱ።