ወደ ኪየቭ ባቡር ከመሳፈርሽ በፊት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ብዙ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። እናትሽ «ለምን ዝም አልካት?» ብላ ተቆጣችኝ። ተናድጄ አይደለም። አትሂጂ ልልሽ ፈልጌ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ነው። እግሩን ያጣ ሰው መልሶ እንዲራመድ ማሠልጠን ሥራሽ ነው። እግራቸውን ያጡ ሰዎች ወደበዙበት ሀገር ልሂድ ስትይ ምን ብዬ ልከልክልሽ? ዩክሬን እኔንም በ19 ዓመቴ ተቀብሎ ያስተማረኝ ሀገር ነው። ስለዚህ አልከለክልሽም። ግን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

መጀመሪያ ስለ ወረቀት። አብረውሽ የሚሄዱት የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የያዙት ልጆች ያለ ቪዛ ይገባሉ። በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። የኛ ፓስፖርት ግን ቪዛ ይፈልጋል። እነሱ «ቀላል ነው፣ ዝም ብለሽ ነይ» ሲሉሽ ሰምተሽ ድንበር ድረስ እንዳትሄጂ። ዋርሶ ያለው የዩክሬን ኤምባሲ ሄደሽ ጠይቂ። የጋበዘሽ ሆስፒታል የምትሠሪውን ሥራና የምትቆዪበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍልሽ። የድንበር ጠባቂዎቹም ለምን እንደመጣሽ፣ የት እንደምታርፊ መጠየቃቸው አይቀርም። መልስሽ አጭርና እውነት ይሁን።

የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ኢንሹራንስ አለኝ ብለሽ ግን አትዘናጊ። ብዙዎቹ ውሎች በጦርነት ለሚደርስ ጉዳት አንከፍልም የሚል አንቀጽ አላቸው። እሱን አንቀጽ ፈልገሽ በዓይንሽ አንብቢ። የጦርነት አደጋን ጨምሮ የሚሸፍን ፖሊሲ የሚሸጡ የዩክሬን ኩባንያዎች አሉ። ከነሱ ግዢ። ውድ ነው ካልሽ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ።

ደግሞ መግባቱን ብቻ አታስቢ። ፖላንድ የምትመለሺው በመኖሪያ ካርድሽ ነው። ካርዱ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ እዪ። «እድሳቱ በሂደት ላይ ነው» የሚል ማህተም ፓስፖርትሽ ላይ ቢኖር እንኳ ፖላንድ ውስጥ ያኖርሻል እንጂ ከውጭ አያስመልስሽም። ድንበር ተሻግሮ በወረቀት ምክንያት መሃል ላይ መቅረት የትም መጥፎ ነው። ጦርነት ባለበት ሀገር ሲሆን ደግሞ አስቢው።

ስለ ጓደኛዬ ልጅም አንድ ነገር ልበል። አብሬያት እሄዳለሁ ብሎ ነበር አይደል? እናቱ ኪየቭ የወለደችው ነው፣ የዩክሬን ዜግነት አለው። ሁለተኛ ፓስፖርት ቢይዝም እዚያ ከገባ በኋላ እንደ ዩክሬናዊ ነው የሚታየው። ጦርነቱ ሲጀመር ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶች ከሀገር እንዳይወጡ ተከልክሏል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት ላሉት ተፈቅዷል፣ እሱ ግን 31 ነው። ሳያውቅ እንዳይገባ። ልሂድ ካለም አውቆ ይወስን። አባቱን እኔ አነጋግረዋለሁ።

አውሮፕላን የለም። የሀገሩ ሰማይ ከየካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንገደኛ በረራ ዝግ ነው። የምትገቢው በባቡር ነው። ከዋርሶ ድንበር አጠገብ ያለችው የፖላንድ ከተማ ፕሼሚሽል ትደርሺና እዚያ ባቡር ትቀይሪያለሽ። የዩክሬን ሐዲድ ከፖላንዱ ሰፋ ይላል፣ 1520 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፖላንዱ 1435። የፓስፖርት ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ቀደም ብለሽ ድረሺ። ፕሬዚዳንቶችና ሚኒስትሮችም በዚሁ መስመር ነው የሚገቡት። ባይደን በ2015 ዓ.ም. ኪየቭ የገቡት በሌሊት ባቡር ነበር። የባቡሩ አስተናጋጅ በብረት መያዣ ውስጥ የተቀመጠ የብርጭቆ ሻይ ታመጣልሻለች። እኔም በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ነበር የምጠጣው። መያዣው ይሞቃል፣ ጣትሽን እንዳያቃጥልሽ።

ድንበሩ ላይ ስለ ቆዳችን ቀለም የጠየቅሽኝን አልዘለልኩትም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ብዙ አፍሪካውያን ተማሪዎች ከወረፋ ወደ ኋላ ተገፍተናል ብለው በምሬት ተናግረዋል። የአፍሪካ ኅብረትም ይህንን የሚያወግዝ መግለጫ አውጥቷል። እውነት ስለሆነ አልደብቅሽም። እኔን ደግሞ ሲያመኝ ሾርባ ይዛ ሦስት ፎቅ በደረጃ የወጣች ጎረቤት ነበረችኝ። ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ። ኬላ ላይ ከሌላው አብልጠው ቢጠይቁሽ ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ። ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ፓስፖርት፣ ከግብዣ ደብዳቤው ጋር አሳዪ። ወረቀቱ በዩክሬንኛ ቢሆን ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር። ሳይረን።

ከመግባትሽ በፊት የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውን መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ። እንግሊዝኛም አለው። ያለሽበትን ክልል ትመርጪና አደጋ ሲኖር ይጮሃል። ድምፁን እንዳታጠፊው። ሰዎች ይለምዱታል፣ ካፌ ተቀምጠው ቡናቸውን የሚጨርሱ ታያለሽ። አራት ዓመት የኖሩበት ሰዎች ናቸው። የትኛው ድሮን እንደሆነ፣ የትኛው ሚሳይል እንደሆነ አጣርተው ነው የሚቀመጡት። ሻሄድ የሚሉት ድሮን እንደ ሞተር ሳይክል እያጓራ ነው የሚመጣ፣ ጊዜ ይሰጣል። ባሊስቲክ ሚሳይል ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። አንቺ ይህን መለየት አትችይም። ስለዚህ ሳይረን ሲጮህ ተነሺ። ብቻሽን ብትሆኚም ተነሺ። የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

ለምን እንደማጠብቅ ልንገርሽ። ለእናትሽም በደንብ ነግሬያት አላውቅም። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳ ኪየቭ ነበርኩ። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው የሚርቀን። ማንም ምንም አላለንም። ሚያዝያ 23 ለሜይ ዴይ ነጭ ሸሚዝ ለብሰን ክሬሻቲክ በሚባለው የኪየቭ ዋና ጎዳና ላይ ሰልፍ ወጣን። ቀኑ ፀሐይ ነበር። ሕፃናት አባቶቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ባንዲራ ያውለበልባሉ። ማታ ስንመለስ የዶርማችን አሮጊት ዘበኛ በእርጥብ ጨርቅ ደረጃውን ትወለውላለች። ቀና ብላ እንኳ ሳታየን «መስኮት ዝጉ፣ ጫማችሁን ውጪ አውልቁ» አለችን። ከማን እንደሰማች አልነገረችንም። በኋላ የውሃ ቦቴዎች ሌት ተቀን መንገድ ሲያጥቡ አየን። ያኔ የሚያስጠነቅቀን ብናገኝ ኖሮ እሮጥ ነበር። አሁን ያ ማስጠንቀቂያ ኪስሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲጮህ ሩጪልኝ።

የት ትሮጫለሽ? ኪየቭ ከሆንሽ ሜትሮ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ። ጥልቅ ነው። አርሰናልና የሚባለው ጣቢያ ከ100 ሜትር በላይ ወደታች ይወርዳል። ሌሊት ሲጮህ ሰዎች ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዘው ይገባሉ፣ ድመታቸውን ሳይቀር። ክፍል ስትከራዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ስለ ዋይፋይ ሳይሆን መጠለያው የት እንደሆነ ይሁን። በቀን ሄደሽ እዪው፣ መንገዱን በእግርሽ ለኪው። ለመውጣት ጊዜ ካላገኘሽ የሁለት ግድግዳ ደንብ የሚሉት አለ። በአንቺና በውጭው መካከል ሁለት ግድግዳ ይኑር። አንዱ ፍንዳታውን ይቀበላል፣ ሁለተኛው ፍርስራሹን ያቆማል። ብዙ ጊዜ ኮሪደር ማለት ነው። ከመስኮት መስታወት ራቂ። ብዙ ሰው የሚቆርጠው እሱ ነው። ማታ ስትተኚ ጫማሽን አልጋሽ ሥር አድርጊ፣ ቦርሳሽ በሩ አጠገብ ይሁን። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ካርድ፣ ውሃ፣ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ጥሬ ገንዘብ። ደም ማቆሚያ ማሰሪያም ያዢ፣ አጠቃቀሙን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ካርድ በብዙ ቦታ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ግን ስለማይሠራ ትንሽ ህሪቭኒያ፣ የሀገሩን ገንዘብ፣ በዝርዝር ያዢ። ሩሲያ ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የኃይል ማመንጫዎቹን እየመታች ስለሆነ መብራት በሰዓት ክፍፍል የሚሄድበት ጊዜ አለ። ሊፍት ከመግባትሽ በፊት ይህን አስቢ።

ሰዓት እላፊ አለ። ኪየቭና ልቪቭ በነሱ አቆጣጠር ከ00:00 እስከ 05:00 ነው። በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ሌሎች ከተሞች የራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ የደረስሽበትን ጠይቂ። ባቡርሽ በሰዓት እላፊ ከደረሰ ጣቢያው ውስጥ ቆዪ፣ ቲኬትሽን አትጣይ።

ፎቶ። አንቺ እያንዳንዱን ነገር ፎቶ ማንሳት ትወጃለሽ። ኬላ፣ ወታደር፣ የጦር መኪና፣ የኃይል ማመንጫ፣ ድልድይ አታንሺ። ሚሳይል የወደቀበትን ቦታ አንስተሽ አትለጥፊ። የወታደር እንቅስቃሴና የሚሳይል ምት የሚያሳይ ምስል ማሠራጨት ከመጋቢት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በወንጀል ሕጋቸው በእስር ያስቀጣል። አንቺ «እዩ የተደረገውን» ብለሽ የለጠፍሽው ተኳሹ የት እንደመታ የሚያይበት ይሆናል። ከከተማ ስትወጪም ከአስፋልት አትውረጂ። ሣር ላይ ቅጠል የሚመስል ትንሽ አረንጓዴ ፕላስቲክ ብታዪ ፈንጂ ነው። አትንኪ፣ በመጣሽበት እግር ተመለሺ፣ ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች 101 ደውዪ።

ስለ ቋንቋ። ያስተማርኩሽን ሩሲያኛ ብዙው ሰው ይሰማዋል። ግን በሱ አትጀምሪ። ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ስትቆሚ መጀመሪያ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ይሁን። «ዶብሪይ ዴን»፣ «ዲያኩዩ»። ሁለት ቃል ይበቃል፣ ቀጥሎ እነሱ ይረዱሻል። እኔ እስካሁን ኪየቭ ነው የምለው፣ በሩሲያኛ የለመደብኝ ነው። አንቺ ኪዪቭ በይ። በየቀኑ በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ለሞቱት አንድ ደቂቃ ዝም ይላሉ። መሃል ከተማ መኪናው ሁሉ ሲቆም ታያለሽ። የያዝሽውን አስቀምጪና አብረሽ ቁሚ።

አሁን ዝም ያስባለኝን ልንገርሽ። «ካርኪቭ ሄጄ የቋንቋ ዓመትህን የኖርክበትን ዶርም አነሳልሃለሁ» ስትዪኝ ነው ዝም ያልኩት። ልጄ፣ ካርኪቭ አትሂጂ። ከሩሲያ ድንበር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሚሳይሉ ሳይረኑን የሚቀድምበት ጊዜ አለ። እኔ በሶቪየት ጊዜ 5 ኮፔክ ሳንቲም ከትቼ ስገባበት የነበረው ሜትሮ ውስጥ አሁን ሕፃናት ይማራሉ፣ ክፍላቸው ከመሬት በታች ሆኗል። ዶርሙ ይቁም ይፍረስ አልጠየቅሁም። ቆሞም ከሆነ ይቆይልኝ፣ ፎቶውን አልፈልግም። ሥራሽ ልቪቭና ኪየቭ ነው። እዚያው ሥሪና ተመለሺ።

በበጋቸው ሰዓታችን ከኪየቭ ጋር አንድ ነው፣ በክረምታቸው እነሱ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ መቼ እንደምደውል አላስቸግርሽም። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ መልእክት ብቻ ላኪ። «ደህና ነኝ» ይበቃል። ቦታሽን በስልክ አትላኪ፣ ከተማዋን ካወቅሁ በቂዬ ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ካልደረሰኝ እስከ ጠዋት እጠብቃለሁ፣ ለእናትሽም እንዲሁ ብዬ ነግሬያታለሁ። ፕሼሚሽል ተመልሰሽ ስትወርጂ ግን ደውዪ። ስንት ሰዓትም ቢሆን ስልኩ ትራሴ ሥር ነው።

አባትሽ