ንጉሥ አይከሰስ?

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? "ማን ነው ደግሞ ይሄ?" እንደምትል አውቃለሁ። እማማ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰው ነው። ልደውል ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሳምንቱ አለፈ፣ ከዚያ አርባቸው ወጣ፣ ከዚያ ዓመቱ ዞረ። አንዴ ከዘገዩ በኋላ መደወል ደግሞ ከሞት ይከብዳል። ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን። አንተም ይቅር በለኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሌላም ዕዳ አለብኝ። የመጨረሻዋ መልእክትህ አሁንም ቴሌግራሜ ላይ አለች። "ለመሆኑ የእናንተ ፕሬዝዳንት የማይችለው ነገር አለ?" ብለህ ነበር። "ማታ እመልሳለሁ" ብዬ፣ ያው እንደምታየው። ዛሬ እረፍት ነኝ፣ ቡናም አፍልቻለሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ እንዳትደናገር።

እናንተ ቤት ቁጭ ብለን ስለ መንግሥት ስንጨቃጨቅ እማማ ከጓዳ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!" ይሉን ነበር። አፋችንን እንድንዘጋ ነው። ይህቺን አባባል ይዤ ነው አሜሪካ የገባሁት።

ለዜግነት ስፈተን የሚጠናው 100 ጥያቄ ነበር። አንዱ "ከመንግሥት አካላት አንዱ ከልክ በላይ ጉልበተኛ እንዳይሆን የሚያግደው ምንድን ነው?" ይላል። መልሱን እንደ ዳዊት ሸምድጄዋለሁ፦ "ቼክስ ኤንድ ባላንስስ"። ፈታኟ ፈገግ ብላ አለፈችኝ። "ምን ማለት ነው?" ብትለኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

የገባኝ በኋላ ነው፦ የመንግሥት አካላት አንዱ ሌላውን የሚቆጣጠርበትና የሚገታበት ሥርዓት ማለት ነው። መሀል ዋሽንግተን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመኪናው ሰልፍ አስፋልት ይደርሳል። በ2018 የፈረንጆች ገና ሰሞን ግን ቤቱ ጭር አለ። ቁልፍ የምንሰቅልበት ሰሌዳ ላይ ባዶ ሚስማር ብቻ ቀረ። ታችኛው ፎቅ ስወርድ የራሴን ኮቴ እሰማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራምፕ ለድንበሩ ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ፈለገ። ሁለት ምክር ቤቶች ያሉት ሕግ አውጪው ኮንግረስ አልሰጥም አለ። በጀት ሳይጸድቅ ቀረና ከፊሉ መንግሥት 35 ቀን ተዘጋ። 800 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ደመወዙ ቆመ። እነሱ በኋላ ውዝፋቸው ተከፈላቸው። የእኔን የቀረ ሰዓት ግን የከፈለኝ የለም። ያን ጊዜ ነው የገረመኝ። የዓለምን አንደኛ ጦር የሚያዝ ሰው የካዝናው ቁልፍ የለውም። ቁልፉ ያለው ኮንግረስ ኪስ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ታሪክ በተለይ ልንገርህ፤ ከእናንተ ሳሎን ጋር ይገናኛል።

ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው የቃኘው ሻለቃ አጎትህ ፎቶ ትዝ ይልሃል? የእኛ ልጆች ኮሪያ ተራራ ላይ ሲዋጉ፣ እዚህ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ተነሱ። ፕሬዝዳንት ትሩማን ደነገጠ። ብረት ከሌለ ጥይትም ታንክም የለም። በኤፕሪል 8 ቀን 1952 ማታ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርቦ "ፋብሪካዎቹን መንግሥት ይረከባል" ብሎ አወጀ። ኮንግረስ አልፈቀደለትም። ጦርነት ላይ ነን፣ የጦር አዛዡ እኔ ነኝ፣ ነው ነገሩ።

የባለፋብሪካዎቹ ጠበቆች እስኪነጋ አልጠበቁም። በዚያው ሌሊት ዳኛ ቤት ድረስ ሄደው በር አንኳኩ። የከሰሱት ግን ትሩማንን ሳይሆን የንግድ ሚኒስትሩን ሶየርን ነው። ንጉሡን ትተው ባለሟሉን! እማማ ይህን ቢሰሙ "ታዲያ ምን አልኳችሁ?" ይሉን ነበር።

ፍርድ ቤት ውስጥ የመንግሥት ጠበቃ አጉል ነገር ተናገረ። በአስቸኳይ ጊዜ ፕሬዝዳንቱን የሚገድበው ሁለት ነገር ነው፣ ምርጫና በኮንግረስ ተከስሶ ከሥልጣን መውረድ፣ ሌላ የለም አለ። አገሩ ተንጫጫ። ትሩማን ራሱ አላልኩም ለማለት ተገደደ።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እዚህ ላይ ልብ በል። ዘጠኙም ዳኞች በትሩማንና ከሱ በፊት በነበረው በሩዝቬልት የተሾሙ ናቸው። አራቱን የሾመው ትሩማን ራሱ ነው። ጁን 2 ቀን ውሳኔው ወጣ፦ 6 ለ 3፣ ትሩማን ተረታ። ራሱ ከሾማቸው ሁለቱ ፈረዱበት። ሕግ ማውጣት የኮንግረስ ነው፣ ፕሬዝዳንት ብቻውን የሰው ንብረት አይወስድም፣ ጦርነት ነው ቢልም።

እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ትሩማን በጣም ተናደደ። ግን ፋብሪካዎቹን መለሰ። ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ፣ አድማው ሰባት ሳምንት አለፈ፣ ጦርነቱም ቀጠለ። ዳኞቹ አንድ ወታደር የላቸውም። ወረቀት ብቻ ነው ያላቸው።

የእኔ ልጅም ይህን ቀምሳዋለች። ባይደን የተማሪ ብድር እሰርዛለሁ ሲል 10 ሺህ ዶላር ይቀነስልኛል ብላ ቤቱን በእልልታ አደመቀችው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮንግረስ ይህን ያህል ሥልጣን አልሰጠህም ብሎ ሻረበት። ለአንድ ሳምንት አላናገረችንም። እኛ ምን አደረግን?

ሁልጊዜ እንዲህ ያምራል ግን አልልህም። ያ የግንብ ገንዘብስ? በፌብሩዋሪ 2019 ትራምፕ የአስቸኳይ ጊዜ አውጆ ለሌላ ሥራ የተመደበ ገንዘብ ወደ ግንቡ አዞረ። ኮንግረስ አዋጁን ሽሮ ወሰነ፤ ከትራምፕ ከራሱ ፓርቲ ሳይቀር 12 ሴናተሮች ተቃወሙት። እሱ ደግሞ ቪቶ አደረገው፣ ማለትም ውሳኔውን አልቀበልም ብሎ መለሰው። ቪቶ ለመሻር ከሁለቱም ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። የተወካዮች ምክር ቤት 248 ለ 181 ድምፅ ሰጠ፣ አልበቃም። የአስቸኳይ ጊዜውን ሕግ በ1976 ያወጣው ራሱ ኮንግረስ ነው። ቁልፉን ቀርጾ ሰጥቶ በሩ ተከፈተ ብሎ ይጮሃል።

የእማማ አባባልስ? በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ ውሳኔ ሰጠ። ፕሬዝዳንት በሕገ መንግሥቱ ለሱ ብቻ በተሰጠው ሥልጣን ለሠራው በወንጀል አይከሰስም፤ በሌላውም የሥልጣን ሥራው በቀላሉ አይነካም፤ በግል ሥራው ግን ይጠየቃል። የቱ የግል፣ የቱ የሥልጣን እንደሆነ ገና ሲያነታርክ ይኖራል። ዜናውን ፓርኪንግ ውስጥ በስልኬ ሳነብ የእማማ ድምፅ ከጓዳ የመጣ መሰለኝ። ያኔ ነው ልጽፍልህ የቆረጥኩት።

ቅዳሜ በእናንተ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ብትቆጣም ስልኩን አንሳው። የአጎትህ ፎቶ አሁንም እዚያው ግድግዳ ላይ ከሆነ አንስተህ ላክልኝ። ከጎኑ የእማማም ካለ እሱንም።

ወንድምህ