የንጉሥ ሊር ካርታና የእኛ የመሬት ደብተር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«ሼክስፒር ለጎጃም ገበሬ ምኑ ነው?» የሚለው ጥያቄ የትምህርት ቤት ድራማ ክበቦች ተውኔት በመረጡ ቁጥር ይነሳል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን በአማርኛ ከሰጡን ወዲህ ሰውየው ለአማርኛ ተመልካች እንግዳ አይደለም፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። እኔ «ንጉሥ ሊር»ን አንሥቼ ልመልስ። በቁሙ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ ሲያበቃ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ያለበት ቀበሌ ሁሉ የዚህ ተውኔት አገር ነው። ከቢቸና እስከ ቡሬ ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል።

ተውኔቱ በ1606 እ.ኤ.አ. በገና ማግስት በእንግሊዝ ንጉሥ ፊት ታይቷል። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሊር ብቅ እንዳለ «ካርታውን አምጡልኝ» ይላል። ዛሬ ማሳው ተለክቶ ካርታ የወጣለት ገበሬም ይህን ወረቀት በደብተሩ ውስጥ አጥፎ አስቀምጦታል። ሊር አገሩን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ሊያካፍል ነው፤ ቅድሚያ ግን ማን አብልጣ እንደምትወደው በአደባባይ እንዲናገሩ ይጠይቃል። ጎነሪልና ሬጋን ውዳሴ ከንቱውን ያወርዱታል። ታናሺቱ ኮርዴሊያ «ምንም» ብላ ትመልሳለች፤ ቀጥላም እንደ ልጅነቷ እንደምትወደው፣ እንደማይበልጥ እንደማያንስም ትናገራለች። በዚህ ድርሻዋን ታጣለች። ልብ በሉ፤ ከዚህ በፊት ሁለት መኳንንት ሲጨዋወቱ የሁለቱ አማቾች፣ የጎነሪልና የሬጋን ባሎች፣ ድርሻ ተመዝኖ እኩል እንደወጣ ሰምተናል። ስለዚህ ጥያቄው ለክፍፍሉ አላስፈለገም፤ ሊር የፈለገው መወደሱን ነው።

ሊር ለራሱ ያስቀረው የንጉሥነት ስሙንና መቶ ፈረሰኞች ብቻ ነው፤ በሁለቱ ልጆቹ ቤት ወር በወር እየተፈራረቀ ሊኖር። ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ ተከታተሉ። ጎነሪል በአንድ ጊዜ ሃምሳውን ትቀንሳለች። ሬጋን ከሃያ አምስት በላይ አላስገባም ትላለች። ይኼኔ ሊር ወደ ጎነሪል ዞሮ «ያንቺ ሃምሳ የሃያ አምስት እጥፍ ነው፤ ፍቅርሽም የእሷ እጥፍ ነው» ይላል። ለእኔ የተውኔቱ እምብርት ይህች ንግግር ናት። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን ፍቅርን በቁና ሰፈረ፤ ከደጅ ሊወጣ ደርሶም ቁናውን አልጣለም። ከዚያ ጎነሪል «ሃያ አምስትስ፣ አሥርስ፣ አምስትስ ምን ያደርጉልዎታል?» ስትል ሬጋን ትቀበልና «አንድስ ምን ያደርግልዎታል?» ትላለች።

እዚህ ላይ ክበቦቻችን የሚሳሳቱት ሁለቱን እህቶች ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሰይጣን ማድረጋቸው ነው። ጎነሪል ምክንያት አላት፤ ፈረሰኞቹ ቤቷን የጠላ ቤት አድርገውታል። ለመቶ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየማዕዱ ሁለት ሁለት እንጀራ ቢቀርብ አራት መቶ እንጀራ ነው። ምጣድ ፊት የምትቀመጠው ማን ናት? ይህን ያላሰበ አዘጋጅ የሚያሳየው ክፉ ልጆችን ብቻ ነው፤ ተመልካቹም «የእኔ ልጆች እንዲህ አይደሉም» ብሎ ተረጋግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሌላው ስሕተት አነጋገሩ ላይ ነው። ተዋንያኑ ክፋትን ለማሳየት ሲሉ አባትየውን «አንተ» ማለት ይጀምራሉ። አይሁን። በእንግሊዝኛውም ሬጋን «ጌታዬ፣ አርጅተዋል» እያለች በትሕትና ነው የምታሳንሰው። እስከ መጨረሻው «አንቱ» ይባል። አንቱ እየተባለ ከደጅ የሚወጣ አባት ነው ሆድ የሚያላውሰው።

ሙሉ ተውኔቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለክበብ አራት ትዕይንት ይበቃል፤ ክፍፍሉ፣ የጎነሪል ቤት ጠብ፣ የቁጥሩ ቅነሳና የአባትና የልጅ መታረቅ። ሊር፣ ሦስቱ ልጆች፣ ታማኙ ባለሟል ኬንት፣ የንጉሡ ቀልደኛና አንድ አማች፣ በድምሩ ሰባት ተዋንያን ናቸው፤ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። መቶ ፈረሰኛ የሚቆምበት መድረክ ስለሌለን አራት ዱላ በግድግዳው ይደገፍ፤ አንዱ ዱላ ሃያ አምስት ሰው ነው። ጎነሪል ሁለቱን ታነሣለች፣ ሬጋን አንዱን። «አሥርስ፣ አምስትስ» ሲባል የቀረችው ዱላ በጎነሪል እጅ ትያዝ፤ «አንድስ» ሲባል ትወሰድ። በየቁጥሩ መካከል ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም ይባል። ተዋናይ ከቸኮለ ተመልካቹ ቁጥሩን ሳይቆጥር ያልፈዋል።

ቀልደኛውን ማሲንቆ ቢያስይዙት ያምርበታል፤ ግን ማሳቅ ከጀመረ ትዕይንቱን ይወስደዋል። «ሳትበልህ ማርጀት አልነበረብህም» የምትለዋን ቃል ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከሊር ሳይነቅል ይበላት። ከቁጥሩ ቅነሳ በኋላ ከደጅ የወጣው ሊር ለሚያብድበት ነጎድጓድ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ በሁለት ቀዳዳ ይሰቀልና ይናጥ፤ ሊር ሲናገር ግን ይቁም፤ አለዚያ ቃሉ አይሰማም።

ደብተሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብት በስጦታም በውርስም ይተላለፋል። ኑዛዜን ተናዛዡ በሕይወት እያለ ሊሽረው ይችላል፤ ሊር የመረጠው ግን በቁሙ መስጠትን ነው። የጡረታውን ነገር በአፍ ተናገረው እንጂ ቢቀር ምን እንደሚሆን አልደነገገም። ስለዚህ አራት ቃዳ መሬቱን በስጦታ ሊሰጥ የተነሣ አባት ከመፈረሙ በፊት የት እንደሚያድር፣ በዓመት ስንት ኩንታል እንደሚሰፈርለት፣ ሲታመም ማን እንደሚያሳክመው፣ ይህ ቢቀር ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ያስፍር። ክበቦቹም ትዕይንቱን ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለአባቶች፣ ቢቻል በሰንበቴ ቀን፣ ያሳዩልን።

የመጨረሻው ትዕይንት ትልቁን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊር ከእብደቱ ነቅቶ ሊንበረከክላት ሲል ኮርዴሊያ ከልክላው ምርቃት ትጠይቀዋለች። እህቶቿ ያለ ምክንያት ጎዱኝ፤ አንቺ ግን ልትጠዪኝ ምክንያት አለሽ ሲላት «ምንም ምክንያት የለኝም፣ ምንም» ትበል። በእንግሊዝኛው ሁለቱ ቃላት ይለያያሉ፤ አማርኛ ግን የመጀመሪያውን ቀን «ምንም» መልሶ ይሰጠናል። ተዋናይቷ ያን ቀን አንገቷን ደፍታ፣ በለሆሳስ ብላው ከሆነ ይህንንም በዚያው ድምፅ ትበለው። በመጀመሪያው ትዕይንት ተቆጥታ ከተናገረችው ግን ተመልካቹ ባለጌ ብሏታል፤ እዚህ ሲደርስም ቃሉን አያስታውሰውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቴአትር መምህር፣ ደብረ ማርቆስ